የጡት ወተት ሲያንስ፦ ወተቱ የሚበዛበት መንገድ ከአራስ ቤት እስከ ሥራ ቦታ

የጡት ወተት አስቀድሞ ተጠራቅሞ የሚቀዳ ነገር አይደለም፤ ከጡት በወጣው ልክ እየተተካ የሚሠራ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ የጡት ጫፍ ነርቮች ለአንጎል መልእክት ያደርሳሉ፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሽ እጢም ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። ፕሮላክቲን ወተቱ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ የወተት ከረጢቶቹን ጨምቆ ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ ያወርዳል። ጡቱ ራሱም መቆጣጠሪያ አለው፦ ሞልቶ ሲቆይ ሥራውን ይቀንሳል፣ ሲራቆት ያፋጥናል። ይህ በእያንዳንዱ ጡት ለየብቻ ስለሚካሄድ አንዱን ጡት ብቻ ያዘወተረ ሕፃን ሌላኛውን ያነጥፈዋል። ወተት ለመጨመር የሚደረገው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ወተቱ ቶሎ ቶሎና በደንብ ከጡት መውጣት አለበት። ምግብ፣ ዕረፍትና መድኃኒት ይህን ያግዛሉ እንጂ አይተኩትም።

ወተቱ በእርግጥ አንሷል?

ከምንም በፊት የሚጣራው ይህ ነው። «ወተቴ አልበቃው አለ» ብለው ጡጦ ከሚጀምሩ እናቶች ብዙዎቹ በቂ ወተት አላቸው፤ ያሳሳታቸው ጤናማ የሆነ ለውጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያጋት የነበረው ጡት ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ይለሰልሳል። ነጠፈ ማለት አይደለም፤ የሕፃኑን ልክ ለመደ ማለት ነው። ጡት ትንሽ መሆኑም ወተት አያሳንስም፤ መጠኑን በአብዛኛው የሚወስነው ስብ ነው።

ሕፃን ከምሽቱ 12 ሰዓት አንስቶ እስከ እኩለ ሌሊት ጡቱን እየያዘና እየለቀቀ ሊጠባ ይችላል። በ3ኛው ሳምንት፣ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር አካባቢም ለሁለትና ሦስት ቀናት ከጡት አልለይ ይላል። ብዙ እናቶች ተስፋ የሚቆርጡት በእነዚህ ቀናት ነው። ሕፃኑ ግን ደጋግሞ በመጥባት የሚቀጥለውን ሳምንት ወተት እያዘዘ ነው፤ በዚያ ሰዓት የዱቄት ወተት ከጠገበ ትእዛዙ ሳይደርስ ይቀራል። በማለቢያ የወጣ ወተት ማነሱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በደንብ የሚጠባ ሕፃን ከማለቢያ የተሻለ አሟጦ ያወጣል።

እውነቱን የሚናገሩት ሽንት፣ ዐይነምድርና ክብደት ናቸው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ ያህል ይሸናል፤ እንዲህ እየጨመረ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ዳይፐሩን ወይም ጨርቁን ማራስ አለበት፤ ሽንቱም የነጣ ይሆናል። እንደ ሬንጅ የጠቆረው የመጀመሪያ ዐይነምድር በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ወደ ቢጫ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተወለደበት ክብደት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ግን የቀነሰውን መልሶ ማግኘት ይጠበቅበታል። ከዚያ ወዲያ እስከ 3 ወር በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። የ6ኛ ሳምንት ክትባት እስኪደርስ ሳይመዘን መቆየት የለበትም፤ ጥርጣሬ ካለ በ2ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመዘን ሌላ ግምት ሁሉ እንዲቀር ያደርጋል።

ሕፃኑ እንቅልፍ አብዝቶ ለመጥባት የማይነቃ፣ አፉ የደረቀ፣ እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም የቀረ፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ እየሆነ የሄደ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወተት የመጨመር ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

አጎራረስን ማስተካከል

ወተት በእርግጥ ካነሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጡቱ ሳይሆን ከአጎራረሱ ነው። የጡት ጫፍን ብቻ የያዘ ሕፃን አንድ ሰዓት ቢጠባም የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ጡቱ ሳይራቆት ይቀራል፣ ጫፉም ይቆስላል።

እናት ጀርባዋን ደግፋ ዘና ብላ ትቀመጣለች ወይም በጎኗ ትተኛለች። የሕፃኑ ሆድ በእናቱ ሆድ ላይ ይለጠፋል፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሆናሉ። አንገቱን ጠምዝዞ የሚጠባ ሕፃን በደንብ መዋጥ አይችልም። አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ሲሆን ጫፉ ከንፈሩን ይነካካል፤ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው እስኪከፍት ይጠበቃል። በሰፊው ሲከፍት ሕፃኑ ወደ ጡቱ ይቀርባል እንጂ ጡቱ ወደ ሕፃኑ አይጎተትም። በትክክል የጎረሰ ሕፃን አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን ያለው አጠባቡ ወተቱ ሲወርድ ወደ ረጅምና ዝግተኛ ይለወጣል፣ ሲውጥም ይሰማል። የጡት ጫፉ ሕመም ካልበረደ በትንሽ ጣት የሕፃኑን አፍ ጥግ ከፍቶ ማላቀቅና እንደገና ማጉረስ ነው፤ አምስት ጊዜ መደጋገም ቢያስፈልግም ይደገማል።

ይህ ሁሉ ቀላል የሚሆነው በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ሕፃኑ እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ ተኝቶ ከጀመረ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደችም ከነቃች ይቻላታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ እንገር ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስለሆነ «ወተት የለም» ያሰኛል፤ ግን የሕፃኑ ሆድም በዚያ ልክ ትንሽ ነው። ዋናው ወተት ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይወርዳል። እስከዚያ «ጉሮሮው ይርጠብ» ተብሎ የሚሰጠው ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ሁለት ጉዳት አለው፦ ለሕፃኑ ተቅማጥና ኢንፌክሽን ያመጣበታል፣ ሆዱን ሞልቶም የመጥባት ፍላጎቱን ይወስዳል። እንገርን እንደ ቆሻሻ አልቦ መድፋትም ሕፃኑን የመጀመሪያ የበሽታ መከላከያውን ያሳጣዋል።

በአንዳንድ አካባቢ ሕፃን ጡት እምቢ ሲል እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ይቆረጣል። የቆሰለ ጉሮሮ መዋጥ አይችልም፤ በቆሻሻ መሣሪያ የተቆረጠው ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ሕፃኑ መጥባት ባቆመበት ሳምንት የእናቱም ወተት አብሮ ይቀንሳል። ጡት እምቢ ያለ ሕፃን መታየት ያለበት በጤና ባለሙያ ነው። ምላሱ ከሥር በአጭር ክር የታሰረ፣ አፉ ውስጥ ነጭ ቁስል የወጣበት ወይም ትኩሳት ያለው ሊሆን ይችላል።

ቶሎ ቶሎ ማጥባት

በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልክ ነው። ወተት እንዲጨምር ሲፈለግ ቁጥሩ ወደ 12 ይጠጋል ወይም ያልፈዋል። ማልቀስ የረሃብ የመጨረሻ ምልክት ነው፤ ከዚያ በፊት ሕፃኑ እጁን ወደ አፉ ያመጣል፣ ራሱን እያዞረ ጡት ይፈልጋል፣ ምላሱን ያወጣል። የሚጠባው በዚያ ሰዓት ነው። የተወለደበት ክብደት ላይ ገና ያልተመለሰ ሕፃን ከ3 ሰዓት በላይ ከተኛ ይቀሰቀሳል፤ ልብሱን ማውለቅና የእግሩን መዳፍ ማሸት ይረዳል።

የመጀመሪያውን ጡት እስኪለቅ ጠብቶ ሁለተኛው ይሰጠዋል። አፉን ሳያላቅቅ መዋጥ ካቆመ እናት ጡቱን በመላ እጇ ይዛ ሳትጎዳ ጨመቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ወተቱ ሲመጣለት እንደገና ይውጣል። ይህች ትንሽ ዘዴ እንቅልፍ ለሚጫነው ሕፃን በጣም ትጠቅማለች።

የሌሊት ጡት መተው የለበትም። ፕሮላክቲን በሌሊት ከፍ ስለሚል ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት የሚጠባው ለነገው ወተት ብዙ ያግዛል። እናት እንድታርፍ ተብሎ ሌሊቱን በጡጦ የሚያሳልፍ ቤተሰብ በቅንነት የወተቷን ምንጭ እያደረቀ ነው። ከዚያ የሚሻለው ሕፃኑን አቅርቦላት፣ ከጠባ በኋላ አስገስቶና ጨርቁን ቀይሮ ማስተኛት ነው። ወተቷ የቀነሰ እናት ሁለት ሙሉ ቀን ከሌላ ሥራ ሁሉ ነፃ ሆና ሕፃኑን ከዳይፐር በቀር እርቃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከላይ ጋቢ ደርባ፣ በፈለገ ቁጥር ብታጠባው ለውጡን ራሷ ታየዋለች። የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ኦክሲቶሲንን ያነሣሣል። ድንጋጤ፣ ሕመምና ኀዘን ግን ወተቱ እንዳይወርድ ለጊዜው ይይዙታል፤ ወተቱ ጠፍቶ ሳይሆን ሳይወርድ ቀርቶ ነው።

ማለብ

ማጥባት ብቻውን ካልበቃ፣ ሕፃኑ ደካማ ከሆነ ወይም በሆስፒታል ማሞቂያ ክፍል ከተኛ ጡቱ መታለብ አለበት። ማሽን የግድ አይደለም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንገርን ለማውጣት እጅ ከማሽን ይሻላል።

እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ አፈ ሰፊ ንጹሕ ዕቃ ይዘጋጃል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጡቱ ላይ ይደረግና ከላይ ወደ ጫፉ በቀስታ ይታሻል። አውራ ጣት ከጫፉ በላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች በታች፣ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ። ጣቶቹ መጀመሪያ ወደ ደረት ይጫናሉ፣ ቀጥለው እርስ በርሳቸው ይጨመቃሉ፣ ከዚያ ይለቃሉ። መጫን፣ መጭመቅ፣ መልቀቅ። ቆዳውን ማንሸራተትና ጫፉን መጎተት ያቆስላል፤ ወተትም አያወጣም። ወተቱ ለመውረድ አንድ ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ፍሰቱ ሲቀንስ ጣቶቹ በጡቱ ዙሪያ ቦታ ይቀይራሉ፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በኋላ ወደ ሌላኛው ጡት ይታለፋል፤ እንዲህ እየተቀያየረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይታለባል።

ሕፃኑ የሚጠባ ከሆነ ከእያንዳንዱ ማጥባት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማለብ ይበቃል። ጠብታ ብቻ ቢወጣ ወይም ጭራሽ ባይወጣም አይቋረጥም፤ በባዶ ጡት ላይ የሚደረገው ማለብ ነው ተጨማሪ ወተት የሚያዝዘው። ሕፃኑ ጨርሶ የማይጠባ ከሆነ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ይታለባል። ማሽን ያላት እናት በቀን አንድ ጊዜ የአንድ ሰዓት ተከታታይ ማለብ ልትጨምር ትችላለች፦ 20 ደቂቃ ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ እንደገና 10 ማለብ። ይህም ሕፃኑ ደጋግሞ የሚጠባባቸውን ምሽቶች ያስመስላል።

ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ በአንድ ቀን አይለካም። የሕፃኑ ክብደት ከተስተካከለ በኋላ ማለቡ በድንገት አይተውም፤ በየሁለትና ሦስት ቀኑ አንድ አንድ እየተቀነሰ ይቆማል። አለበለዚያ ጡቱ ያጋትና ይቆጣል።

ተጨማሪ ወተት ካስፈለገ

ክብደቱ የቀነሰ ሕፃን ረሃብ ላይ ሆኖ የእናቱ ወተት እስኪጨምር አይጠበቅም። የጠገበ ሕፃን የመጥባት ጉልበት ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ሁለቱም ጡት፣ ቀጥሎ የታለበ የእናቱ ወተት፣ እሱ ካልበቃ ባለሙያ በወሰነው መጠን የዱቄት ወተት። የሚሰጠውም በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ ነው። ሲኒ ለማጠብ ይቀላል፤ ሕፃኑም ያለ ድካም የሚንቆረቆረውን ጡጦ ለምዶ ጡቱን አይጠላም። ተጨማሪ በተሰጠ ቁጥር ጡቱ ይታለባል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ አያስፈልገውም፣ በሞቃት ቆላም ቢሆን፤ በውሃ የቀጠነ የላም ወተትም ለእሱ ምግብ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ለብዙዎቹ በየቀኑ የሚሰጣቸው ጥቂት ጉንጭ ውሃና ሌላ ፈሳሽ የእናታቸውን ወተት ይቀንስባቸዋል።

አጥሚት፣ አብሽና የአራስ ቤት ወግ

የምታጠባ እናት በቀን ከ330 እስከ 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ አንድ ተጨማሪ ማዕድና አንድ መክሰስ ማለት ነው። ከአጃ፣ ከገብስ ወይም ከድብልቅ እህል የሚሠራው አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ጎመን ይህን ይሞላሉ። አጥሚት ጥቅሙ ብዙ ነው፦ ጉልበት ይሰጣል፣ ፈሳሽ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ሰው ሠርቶ ያቀርበዋል። የአራስ ቤት ወግ ለወተት ትልቁ ውለታው ይህ ይመስላል፤ እናትን ከእሳትና ከእንስራ ነጥሎ ከልጇ ጋር ያስተኛል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያለ አራስ ጠያቂ የምትወልድ እናት በፖስታ የተላከ የአጥሚት ዱቄት ቢደርሳትም የሚጎድላት እጅ ነው፤ ጎረቤትና ወዳጅ ምግብ አብስሎ፣ ልብስ አጥቦ ሲሄድ ወተቷን ይጨምርላታል።

ውሃ በጥማት ልክ ይጠጣል። በተጠባ ቁጥር አንድ ብርጭቆ አጠገብ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ከጥማት በላይ ማስገደድ ግን ወተት አይጨምርም። አብሽ ከኢትዮጵያ እስከ ሕንድ ለወተት ይጠጣል፤ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት ግን የተደባለቀ ነው፤ አንዳንዷን ረድቷል፣ ሌላዋ ላይ ለውጥ አላመጣም። በምግብ ልክ ለብዙዎች ችግር የለውም። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስድ፣ አስም ያለባት ወይም ሽምብራና ለውዝ የማይስማማት እናት ግን ሐኪም ሳታማክር አብዝታ መጠጣት የለባትም፤ ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። አብሹ የሚጠጣው በእናት ነው፤ ለሕፃኑ አይሰጥም።

ጠላ ወተት ያመጣል የሚለው እምነት ከብቅሉ ጋር ይያያዛል። አልኮሉ ግን ኦክሲቶሲንን ስለሚይዝ ሕፃኑ የሚያገኘው ወተት ይቀንሳል፤ ወደ ወተቱም ያልፋል። ገብሱን በአጥሚት መልክ ማግኘት ይሻላል። የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገርም ወደ ወተት የሚገባ ሲሆን የእናትን የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይወስዳል። ቡና በቀን ከሁለት ሦስት ሲኒ ባያልፍ ለአብዛኛው ሕፃን አይከብድም።

ጾምን በተመለከተ በኦርቶዶክስ ልማድ አራስ እንድትጾም አትገደድም፤ በእስልምናም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ረመዳንን አፍጥራ ሌላ ጊዜ መክፈል ተፈቅዶላታል። ወተቷ የቀነሰ እናት ከንስሐ አባቷ ወይም ከኢማሟ ጋር ተነጋግራ በዚህ ፈቃድ ብትጠቀም የሚከፋባት የለም።

ምክንያቱ ከጤና ሲሆን

አጎራረሱ ተስተካክሎ፣ ቶሎ ቶሎ ተጠብቶና ታልቦ ወተቱ ካልጨመረ እናትየዋ መመርመር አለባት። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የደም ማነስ፣ ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ የታይሮይድ እጢ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ ቀደም ሲል የተደረገ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ አዲስ እርግዝና ሁሉም ወተት ይቀንሳሉ። ጥቂት ሴቶች ደግሞ ወተት የሚሠራው የጡት ክፍል በተፈጥሮ ያነሰባቸው ናቸው፤ እነሱ የሚችሉትን ያህል አጥብተው የቀረውን በዱቄት ወተት ቢሞሉ ጥፋት የለባቸውም።

ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ወተት ሊቀንስ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት አይመረጥም። ፕሮጀስትሮን ብቻ ያለው እንክብል፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና ሉፕ ለምታጠባ እናት ይስማማሉ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒትም ወተት ያሳንሳል፤ ከፋርማሲ ሲገዛ «አጠባለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ወተት ይጨምራሉ ተብለው የሚታዘዙት ዶምፔሪዶንና ሜቶክሎፕራማይድ የጎንዮሽ ጉዳት አላቸው፤ የመጀመሪያው የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ሁለተኛው የመንፈስ ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

ሥራ ሲጀመር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ እናቶች ሥራ የሚመለሱት ልጁ ገና ጡት ብቻ መጥባት በሚገባው ዕድሜ ነው፤ ወተት በብዛት የሚቀንሰውም ያኔ ነው። ከመመለሷ ሁለት ሳምንት ቀድማ በየማለዳው ካጠባች በኋላ እያለበች ወተት ማጠራቀም ትጀምራለች። ሞግዚቷ ወይም አያትየዋም በሲኒ መስጠት በዚሁ ጊዜ ትለማመዳለች። በሥራ ቀን ከቤት ስትወጣና ስትመለስ ታጠባለች፤ በመካከሉ በየ3 ሰዓቱ ታልባለች። ጡቱ እስኪያጋት መጠበቅ ወተቱን የሚያነጥፍ ነው። ምሽቱንና ቅዳሜ እሑድን ሕፃኑ ከጡት በቀር ሌላ ባይሰጠው በሳምንቱ የቀነሰው ይመለሳል።

የታለበ ወተት በቀዝቃዛ ቤት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን፣ በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር 6 ወር ያህል ይቆያል። ዕቃው ላይ የታለበበት ቀን ይጻፋል፣ የቆየው መጀመሪያ ይሰጣል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪዘሩን ሞልቶ ከማስቀመጥ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ መያዝ ይሻላል። ሲሰጥ ዕቃው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይሞቃል እንጂ እሳት ላይ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም። ከበረዶ የቀለጠ ወተት በፍሪጅ ተቀምጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ተመልሶ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፣ ሕፃኑ ከሲኒው ያስተረፈውም ይደፋል።